ጀልባዋ ከአሜሪካ፣ መብራቱ ከጣና

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ብሌንደር ይዛ ትመጣለች። አንዱ ቸኩሎ በአዳፕተር ግድግዳ ላይ ይሰካዋል። ብሌንደሩ ከዚህ በፊት ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ ይጮኻል፣ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

በእኛ ቤት የሆነው ግን ከብሌንደር ከፍ ይላል። አጎቴ ያመጡት ጀልባ ነው።

ጋሼ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የልጅነታቸው አገር ደምቢያ ናፈቃቸው። ያጠራቀሙትን አውጥተው 7 ሜትር ርዝመት ያላት፣ አሥር ሰው የምትጭን ያገለገለች ጀልባ ገዙ። ጅቡቲ ድረስ በመርከብ፣ ከዚያ በከባድ መኪና ተጭና ጎርጎራ አጠገብ ጣና ዳር ደረሰች። ሐሳባቸው ቤተሰቦችን ገዳማትና ደሴቶች ማስጎብኘት ነው። አንድ ቀን ደወሉልኝና «አንቺ የማርኬቲንግ ሰው አይደለሽ? በይ ነይና ብሮሹሩን ሥሪልኝ» አሉኝ። እኔም ባለቤቴንና የ7 ዓመት ልጃችንን ይዤ ተነሣሁ። ብሮሹሩን ግን ከመንገዱ በፊት አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ጀምሬው ነበር። የመጀመሪያው መስመር «ሙሉ ኤሌክትሪክ ያላት የቤተሰብ ጀልባ» ይላል። የዛሬው ጽሑፌ ያን መስመር ለምን እንደሰረዝኩት ነው።

በቆላ ድባ በኩል

ወደ ጣና ስትሉ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ባሕር ዳርን ነው፤ እውነታችሁን ነው። ሐይቁ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ሰሜናዊው ዳርቻ ሌላ አገር ነው። ወደዚያ ለመድረስ ጎንደር በአውሮፕላን ውረዱ። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፤ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይገነጠላል። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ በቀን ተጓዙ።

ተራራው ወደ ኋላ ሲቀር የደምቢያ ሜዳ ይከፈታል። ጥቁር አፈር፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ዓይን እስከሚደክም ድረስ ሜዳ። በመካከሉ ቆላ ድባ ትገኛለች፤ የደምቢያ ዋና ከተማ። ስሟ ቆላ ይበል እንጂ አየሯ ወይና ደጋ ነው። ለቱሪስት ተብሎ የተኳኳለ ነገር የላትም። ባጃጅ፣ የእህል መጋዘን፣ የወፍጮ ድምፅ፣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ ቤቶች፣ ቧንቧና ሽቦ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። ያቺ ከተማ የጉዞአችን ዋና ቦታ እንደምትሆን ያን ጊዜ አልገመትኩም።

ጎርጎራ ስትደርሱ ሐይቁ ድንገት ነው የሚገለጥላችሁ። የሣር ክዳን ያላትና ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያ ናት። ጣልያን በወረራው ዘመን ያቆመው ሐውልት ኮረብታው ላይ አለ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርትም ወዲያ ማዶ ይታያል። ውሃው ላይ ደግሞ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ይንሳፈፋሉ። ታንኳ ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው፤ ውሃ ሲጠግብ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ሲያረጅ ሌላ ይሠራል።

ሞተር ያላቸው የጣና ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ጣልያኖች የራሳቸውን አምጥተው ነበር። በቅርቡም «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ ለወራት በየብስ ስትጓዝ ሁላችንም በስልካችን ተከታትለናታል፤ በየከተማው ሕዝቡ ወጥቶ አይቷታል። የጋሼ ጀልባ ታናሽ እህት ናት በሏት። ጀልባ ከሌላ አገር ስትመጣ ደግሞ የዚያን አገር መብራት ለምዳ ነው የምትመጣው።

«ኤሌክትሪኩ አንድ አይደለም እንዴ?»

ጋሼ ጀልባዋን ሲያሳዩን ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ፍሪጅ አላት፣ ማይክሮዌቭ አላት፣ አየር ማቀዝቀዣ አላት። ከጎኗ ባለው ሶኬት ገመድ ሲሰካ ከየብስ መብራት ትወስዳለች። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጀልባ ማቆሚያዎች ይህ አላቸው፤ ጀልባው ሲቆም ይሰካል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሪጁ ይሠራል።

ችግሩ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ስለዚህ ጋሼ አዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ቀጥረው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስገጠሙ። ያቺን ብሌንደር የሚያድናት ዓይነት ነው፤ ተለቅ ይላል እንጂ። መብራቱ በራ፣ ማይክሮዌቩ ሞቀ። ጋሼም ተደሰቱ።

ሁለት ነገር ብቻ አላማራቸውም። የፍሪጁ ሞተር እጅ እስኪፈጅ ይግላል። አየር ማቀዝቀዣው ደግሞ በአራተኛው ቀን ዝም አለ። ስለዚህ ከቆላ ድባ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ልጅ። እኛ በደረስን ማግስት ከሰዓት በኋላ በሞተር ብስክሌት መጣ።

የፍሪጁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የገለጠው። «ጋሼ፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ምቱን አይቀይርልዎትም» አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። ለአምፖል ወይም ለምጣድ ልዩነት የለውም። ሞተር ያለው ዕቃ ግን በ60 ምት እንዲዞር ታስቦ ከተሠራ በ50 ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይግላል። ከበሮው ሲዘገይ እስክስታው ይከብዳል እንደማለት ነው። እናንተም ከአሜሪካ ዕቃ ስታስመጡ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርትዝ» የሚል ከሆነ፣ እንደ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር፣ መሰኪያውን ብቻ አመቻችቶ መጠቀም ነው። «120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ» ብቻ የሚል ሞተር ከሆነ ትራንስፎርመርም ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ልጁ ግን ይህን ከመናገሩ በፊት ያደረገው ሌላ ነገር ነበር።

መጀመሪያ የነቀለው

ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ ወደ ጀልባዋ ሳይሆን ወደ ውሃው ተመለከተ። ከሰፈሩ የመጡ አምስት ስድስት ልጆች ከማቆሚያው ጣውላ ላይ እየዘለሉ ጀልባዋ አጠገብ ይዋኛሉ። የእኔ ልጅ ጫፉ ላይ ተቀምጦ በቅናት ያያቸዋል። እንዳይገባ የከለከልኩት እኔ ነበርኩ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ እንዳለበት አንብቤ ስለነበር። የፈራሁት ያንን ብቻ ነበር።

ባለሙያው «ተሰክቷል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «አዎ፣ ባትሪ እየሞላን ነው» አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ዘበኛው ቤት ሄዶ ገመዱን ነቀለው። ከዚያ ልጆቹን በሙሉ ከውሃ አስወጣ። ጋሼ ትንሽ ቅር አላቸው፤ እንግዳ ፊት ነው።

ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ የሽቦ ሳጥኑን ከፈተ። ከቆይታ በኋላ ጠራን። አዲስ አበባ ላይ የገጠመው ሰው ነጩንና አረንጓዴውን ሽቦ አንድ ላይ አስሯቸዋል። በአሜሪካ አሠራር ነጩ የመብራቱ መመለሻ፣ ማለትም ኒውትራል ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ ኧርዝ ሆኖ ከሞተሩ ብረት ጋር ይገናኛል። ትራንስፎርመሩ የኧርዝ ሽቦ ስላልነበረው ሰውየው «ኧርዝ እንዲኖራት» ብሎ ነው ያገናኛቸው። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ርካሹ ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ጥቅል አንድ ብቻ ስለሆነ ገቢና ወጪው አንዱን ጫፍ ይጋራሉ።

እኔ ቢዝነስ ነው የተማርኩት፤ አልገባኝም። «እህቴ፣ ላሳይሽ» አለኝ። ውሃው ውስጥ ማንም እንደሌለ አይቶ፣ ዳር ላይ ብረት ተክሎ፣ ገመዱን መልሶ ሰካ። በቴስተሩ በተከለው ብረትና በሞተሩ ብረት መካከል ለካ። 2 ቮልት። «አሁን ደህና ነው» አለ። ከዚያ መሰኪያውን ነቀለ፣ ገለበጠ፣ እንደገና ሰካ። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ፤ ሌላ የተቀየረ ነገር የለም። የጀልባዋ መብራት እንደ በፊቱ በራ። ፍሪጁም እንደ በፊቱ አጉረመረመ። ቴስተሩ ግን 214 አለ።

እስቲ አሁን ቤታችሁ ያለውን መሰኪያ ተመልከቱ። ሁለት ክብ እግር ነው ያለው፤ በፈለጋችሁት በኩል ይገባል። ለመብራትና ለቴሌቪዥን ይህ ምንም አይደለም። በዚህች ጀልባ ግን በአንድ በኩል ሲሰካ የሞተሩ ብረት ከኒውትራል ጋር፣ በሌላ በኩል ሲሰካ ከፌዙ ጋር ይገናኛል። ያ ብረት ውሃ ውስጥ የተነከረ ነው። ብሬከሩ ለምን አይወርድም? ብሬከር የሚወርደው ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ነው፤ በውሃው በኩል የሚሾልከው ለእሱ ትንሽ ነው። ለሰው ግን ትንሽ አይደለም። ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፒር አካባቢ የሚሆን ኤሌክትሪክ ጡንቻን አስሮ መዋኘት ሊከለክል ይችላል። የ10 ዋት አምፖል እንኳ 45 ገደማ ይወስዳል።

ጣና ደግሞ ጨው የሌለው ውሃ ነው። ባሕር ላይ ቢሆን ጨዋማው ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አብዛኛው በዋናተኛው ዙሪያ ያልፋል። በጨው አልባ ሐይቅ ግን ከውሃው ይልቅ የተሻለ መንገድ የሚሆነው የሰው ገላ ነው፤ ደማችንም ላባችንም ጨው አለውና። ልጁ አይጮህም፣ አይቃጠልም፤ እጁ እምቢ ይለውና ይሰምጣል። ያየ ሰው «ዋና አይችልም ነበር» ይላል።

ጋሼ የጣውላው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ዘበኛውን ጠርተው «በየትኛው በኩል ነው የምትሰካው?» አሉት። ዘበኛው ግራ ገብቶት «እንደመጣልኝ ነዋ፣ ጋሼ» አለ። ምን ይበል? እኛስ ቤታችን እንደመጣልን አይደል የምንሰካው? «ስንት ቀን ሆነን?» አሉ ጋሼ። አሥራ አንድ ቀን። ልጆቹ በየቀኑ ይዋኛሉ። ከዚያ በኋላ ጋሼ እስከ ራት ድረስ አልተናገሩም።

220 የብስ ላይ ይቅር

በማግስቱ ከጋሼና ከባለሙያው ጋር ወደ ቆላ ድባ ተመለስን። ሱቆቹን ዞርን። ወፍራም ኬብል፣ የኧርዝ ብረት፣ ሳጥን አገኘን። ያላገኘነውን ከባሕር ዳር አስመጣን። በመንገዱ ላይ ባለሙያው ሁለት ምርጫ ሰጣቸው።

የመጀመሪያው የትልልቅ ጀልባዎች መንገድ ነው። ገቢና ወጪው ጨርሶ የማይነካኩ ሁለት ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ይገጠማል። የጀልባዋ ብሬከሮችም ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጡ ይሆናሉ። የአሜሪካ ጀልባ ብሬከር ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ እዚያ መሰኪያው ስለማይገለበጥ ይበቃል፣ እዚህ አይበቃም። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ውድና ከባድ ነው፤ የፍሪጁንና የአየር ማቀዝቀዣውን ምትም አያስተካክልም። ከአውሮፓ የመጣች ጀልባ ብትሆን ኖሮ 230 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነች ከእኛ መብራት ጋር ትስማማ ነበር። ያም ሆኖ ኧርዙና ብሬከሩ ከመፈተሽ አያመልጡም።

ሁለተኛው «220 ውሃ ላይ አይውጣ» የሚል ነው። ባትሪ መሙያው የብስ ላይ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሳጥኑ የራሱ ኧርዝና ኤሌክትሪክ በሌላ መንገድ ሲሾልክ በ30 ሚሊአምፒር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኖረዋል። ወደ ጀልባዋ የሚሻገረው 12 ቮልት ብቻ ነው። ጀልባዋ ላይ ያሉት አምፖሎች፣ የውሃ ፓምፑና የስልክ ቻርጀሩ ድሮም በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ፍሪጁ በ12 ቮልት በሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ይተካል። ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ሶላር ይገጠማል፤ የጣና ፀሐይ መቼ ትሰስታለች?

ጋሼ ጠየቁ፦ «ማይክሮዌቩስ?» «ይውረድ።» «አየር ማቀዝቀዣው?» ባለሙያው ሳቀ። «ጋሼ፣ ጣና ላይ ሆነው ነፋስ ይገዛሉ?»

ከእኔ ሙያ አንጻር ስታዩት ከባድ ውሳኔ ነበር። ደንበኛ የሚስበው «ባለ አየር ማቀዝቀዣ» የሚለው ቃል ነው እንጂ «ባለ 12 ቮልት» የሚለው አይደለም። ጋሼም ለእነዚያ ዕቃዎች ከልባቸው ከፍለዋል፤ ቀረጥም ከፍለዋል። ግን ያን ቀን ጠዋት ልጆቹ ውሃው ዳር ቆመው ለመግባት ፈቃድ ሲጠብቁ አይተዋቸዋል። ሁለተኛውን መረጡ። ትራንስፎርመሩን ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው ገመዱን በመቀስ ቆረጡት።

የሚገርመው፣ ይህ መብራት ከሩቅ አይመጣም። በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወርዶ የጣና በለስን ተርባይኖች ያዞራል፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ሲጀምር 460 ሜጋዋት አቅም ነበረው። ከሐይቁ የወጣው ኃይል ዞሮ በብሔራዊው መስመር ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ተጠንቅቀን ካልያዝነው ተመልሶ ወደ ሐይቁ መግባት ይፈልጋል።

ከመሳፈራችሁ በፊት

በጣና፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ ወይም በሌላ ሐይቅ ዳር ከልጆቻችሁ ጋር ስትዝናኑ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ከየብስ የኤሌክትሪክ ገመድ የተዘረጋለት ጀልባ ወይም የመብራት ምሰሶ ያለበት ማቆሚያ አጠገብ ልጅ አይዋኝ፤ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ዋስትና አይደለም። ባለ ጀልባውን «ተሰክቷል ወይ?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ጥሩ ባለ ጀልባ አይቀየማችሁም። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው «ነዘረኝ» ካለ ወይም እጁ ከታሰረበት ተከትላችሁት አትዝለሉ። መጀመሪያ መብራቱን አስቆርጡ፤ ከዚያ ገመድ፣ እንጨት ወይም የሕይወት አድን ጃኬት ወርውሩለት። ጀልባ ከውጭ ለማስመጣት የምታስቡ ዘመዶች ካሏችሁ ደግሞ ዋጋዋን ከመጠየቃቸው በፊት ቮልቷንና ኸርትዟን ይጠይቁ። ስለ ቢልሃርዚያም ያልኩትን አትርሱ፤ በተለይ ሣር የበዛበትና ውሃው የማይንቀሳቀስበት ዳርቻ ላይ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት በጀልባዋ ወጣን። ውሃው ረግቷል። ታንኳ የሚቀዝፉ አሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመለሳሉ። ልጄ የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ይቆጥራል። አንድ ሰዓት ያህል ዞረን ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች ጣውላው ላይ ይጠብቁናል።

ብሮሹሩን ያኔ ማታ እንደገና ጻፍኩት። «ሙሉ ኤሌክትሪክ» የሚለውን ሰርዤ የማቆሚያውን ፎቶ ከነልጆቹ አስገባሁ። ከሥሩም «ጀልባችን ላይ 12 ቮልት ብቻ አለ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁን» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ቢያየው ደካማ ማስታወቂያ ነው ይለኛል። ይበለኝ።

ስንሰናበት ጀልባዋ ቆማ ነበር። ልጆቹ ልብሳቸውን እያወለቁ ሲሮጡ ጋሼ ከእኛ ጋር የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ከፈቱት፣ ገመዱን ነቀሉት፣ ጫፉን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ባለሙያው አሁን ይህ እንደማያስፈልግ ነግሯቸዋል።

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ይሁን፤ ልጆቹ እስኪወጡ በእጄ ይሁን።»